ለመሪጌታ የታደነችው ቆቅ

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከቁስቋም ቅዳሴ ወጥቼ ምርኩዜን እየተደገፍኩ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ከእቴጌ ግንብ ፍርስራሽ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ቆቅ ጮኸች። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ደጋግማ። እኔም ባለሁበት ቀረሁ። አንዲት ልጅ እግር ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ቀረብ አለችና «አባባ፣ አመመዎት እንዴ? ልደግፍዎት?» አለችኝ። «አላመመኝም፤ መንገድሽን ሂጂ» አልኳት። ክፉ ሽማግሌ ብላኝ ሳትሄድ አልቀረችም፤ ትበል። ቆቅ ስሰማ ሰው እንዲያናግረኝ አልወድም። ሰማንያን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ጆሮዬ የልጅ ልጆቼን ድምፅ እንኳ መለየት ትቷል፤ የዚህችን ወፍ ድምፅ እንዴት ለይቶ እንደሚሰማ እንጃለት።

ያኔ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣልያን ሠርቶት በሄደው ፎቅ በረንዳ ሥር፣ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጣልያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ይሁነው ዐሥራ አምስት ልኩን አላውቀውም፤ ዓመተ ምሕረቱ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። የጨርቁን ዋጋ ግን ጠይቁኝ። አቡጀዲ ክንዱ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ካኪ ብር ከስሙኒ፤ ከአስመራ የሚመጣው ሱፍማ የሹም ልጅ ካልሆነ አይነካውም። ካኪ ኮት ከተፈሪ ሱሪ ጋር አሰፍቶ ያልለበሰ ጎረምሳ ሚስት የሚያገኝ አይመስለውም ነበር፤ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል፣ ሁሉም «ወገቡን ጠበቅ አድርግልኝ» ይላል። ፊት ለፊታችን ጠጅ ቤት ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲያነሳ እኔም የስፌት መኪናዬን ፔዳል በሱ ምት እረግጥ ነበር፤ ስንቱ ሱሪ በዘፈን ተሰፍቷል! ዛሬ ያች በረንዳ የስልክ ካርድ ይሸጥባታል። ባለፈው ቆሜ ሳያት ልጁ «ምን ልስጥዎት?» አለኝ። ምን ይሰጠኛል?

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ላቀው በወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ትንሽ ደብር መሪጌታ ነበሩ። አባታችን በጊዜ ስለ ሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዜማ ሊያስተምሩኝ ደክመው ደክመው አልገባኝ ሲል፣ «እንግዲያው በእጅህ ብላ» ብለው ለስፌት ያስገቡኝም እሳቸው። የመሪጌታ ወንድም ባለ እጅ ሆነ ተብሎ አገር ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ደም መትፋት ጀመሩ። ጎንደር አምጥቼ ባሳያቸው ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠና እኔን ወደ ጎን ጠርቶ «ወደ ቤታቸው መልሳቸው» አለኝ። በአንድ ብር ማኪና አሳፍሬ መለስኳቸው። ነፍስ አባታቸው ለበሽተኛ ይፈቀዳል፣ ወተት ይቅመሱ ቢሏቸው እምቢኝ አሉ፤ አምሳ አምስቱን ቀን በዚያ ሳል ጾሙት። ለፋሲካ ተሸክመናቸው ሄደው ቆረቡ። ቤት ገብተው ዶሮው ሲቀርብላቸው ፊታቸውን አዞሩ፤ በጉም ሸተታቸው። እንጀራ አልወርድ አላቸው። በማግስቱ ራስጌያቸው ተቀምጬ ሳለሁ እንደ ልጅ አፍረው፣ «ፈንታ፣ ቆቅ አማረኝ» አሉኝ። «በጨው ብቻ የተቀቀለች።»

በሕይወታቸው ከእኔ የጠየቁት ነገር ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ቀላል ይመስላል። የቆቁን ነገር ለማያውቅ ግን ልንገር። ጥይት የገደላት ቆቅ በክት ናት። ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ባርኮ የሚያርዳት ክርስቲያን ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ለውሻ ነው። ወፏ ደግሞ አንድ ጭብጥ ናት፤ በደንብ ካገኘሃት ወዲያው ትሞታለች፣ ካላገኘሃት ትበራለች። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቅጽበት ነው የምታድነው። አንዳንድ አዳኝ «ስትንፈራገጥ ደረስኩ» ብሎ ይምላል፤ ሆዱ ያውቀዋል። ጋሼ ላቀው ግን እንዲህ ባለው ነገር ቀልድ የማያውቁ፣ ዝንብ የገባበትን ውሃ እንኳ አማትበው የሚደፉ ሰው ነበሩ።

ጎንደር ደርሼ ስመለስ፣ ኮት ከሰፋሁለት አንድ ነጋዴ ጣልያን ጥሎት የሄደ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ተዋስኩ። ቃታው አይይዝም። ከደብሩ በታች ወንዙ ዳር አያ ይርጋ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ይዤ ወረድኩ። አያ ይርጋ ከነዚያ ቤተ እስራኤል ከሚባሉት ነው፤ አገሬው ያኔ ይጠራቸው የነበረበትን ስም እዚህ አልደግመውም። የወገራ ገበሬ ማረሻና ማጭድ ሁሉ ከሱ እጅ ይወጣል፤ ሰላምታው ግን ከሩቅ ነው። እኛ እነሱ ያረዱትን አንበላም፣ እነሱም የኛን አይቀምሱም፤ ከነካናቸውም ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። ከእኔ በሃያ ዓመት ይበልጣል፣ ግን ለቀጥቃጭ «እርስዎ» የሚል ሰው በዚያ አገር አልነበረም፤ እኔም «አንተ» እለው ነበር። ጋሼ ላቀው ብቻ ቅዳሴ ሲወጡ ባጥሩ በኩል ያልፋሉ፤ ከውጭ ቆመው ዳዊት ይጀምራሉ፤ አያ ይርጋ ወናፉን አቁሞ ከውስጥ ይቀበላቸዋል። በግዕዝ ነው፤ ሁለቱም ያንኑ መዝሙር። አንዱ የሌላውን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

ጠመንጃውን አገላብጦ አየና «ይሄስ ይበጃል። አንተ ግን አደኑን አታውቅበትም» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ጫማህ ይጮሃል። ቆቅ እንኳን ጫማ ሐሳብህንም ትሰማለች። ለማን ነው?»

ነገርኩት። መዶሻውን አስቀመጠ። «ነገ ዶሮ ሳይጮህ እዚህ ናልኝ። ባዶ እግርህን» አለ።

ከሁለቱ ሰንበቶች በቀር ዐሥራ አንድ ማለዳ ተመላልሰን ወጣን። የወገራ የሚያዝያ ንጋት በፀሐይ የሚያምር እንዳይመስላችሁ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ በበልጉ ካፊያ የራሰው ሣር እግር ያደነዝዛል። ከቤት የምወጣው የጋሼን ሳል እየሰማሁ ነው፤ ሜዳውን ስሻገርም ይከተለኛል። አያ ይርጋ ከፊቴ ይሄዳል፤ ከገብሱ ማሳ በላይ ካለው ቋጥኝ ሥር ተኝተን እንጠብቃለን። እጁን እንደ ጽዋ አድርጎ ከአፉ ጋር ይገጥምና እንደ አውራው ቆቅ ይጠራል፤ ወራቱ የመጣመጃቸው ነውና ከወዲያ ማዶ መልስ ይመጣል። የፀጉሬ ሥር ይነሳ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጉሮሮዬን በላኝና ሳልኩ፤ ሁሉም ብር! በሁለተኛው ቀን አንዷን መታሁ፤ ሮጬ ስደርስ ዓይኗ ተከድኗል። «ትንሽ የተነፈሰች መሰለኝ» አልኩ። አያ ይርጋ ቀና ብሎ አየኝ፤ «መሰለህ?» አለ፤ ወፏን ጥዬ ሄድኩ። ሁለት ቀን ጭጋግ ሆኖ እጃችንን እንኳ ማየት አቃተን። አንድ ቀን ተኩሼ አቆሰልኩና እሾህ ውስጥ ገባች፤ ግማሽ ቀን ፈልገን ስናገኛት ደርቃለች። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ለወፍ አለቀስኩ! አያ ይርጋ አላባበለኝም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ነገ በጊዜ ናልኝ» ብቻ አለኝ። ያ ሰው ሠርቶ አዳሪ ነው፤ እሳቱን ሳያነድ የቀረበት እያንዳንዱ ጧት ከልጆቹ አፍ የተነጠቀ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላነሳውም።

ስመለስ ጋሼ ከመደባቸው ላይ ሆነው ዓይኔን ያያሉ። «ተገኘች?» «ነገ ጋሼ።» «እሺ፣ ነገ።» በስምንተኛው ቀን መጠየቁን ተዉት፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። እሱ ባሰብኝ። የሚበሉት ነገር ጠፍቶ ባለቤታቸው አጥሚት በጥጥ ጠብ ታደርግላቸው ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ማለዳ አያ ይርጋ እኔን ከገደሉ አፋፍ ላይ አስቀመጠኝና እሱ ወደ ሥር ወረደ፤ የተመታችው ከወደቀች ሳትሞት ይዞ ሊያቀብለኝ ነው። ጠራ፤ መለሱለት። ሦስት ሆነው በቋጥኙ ጫፍ ብቅ ሲሉ የመጀመሪያዋን ተኮስኩ። ክንፏ ተሰብሮ እየተሽከረከረች ካሰብነው በላይ ርቃ፣ ከጅረቱ ማዶ ወደቀች። እኔ ቁልቁል ስሮጥ የረጠበው ድንጋይ ከዳኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፤ ብነሳ መርገጥ አቃተኝ። ከታች ሆኖ ሲጮህ ሰማሁት።

«ፈንታ! ነፍስ አላት! ድረስ!»

«እግሬ! እግሬ ተሰበረ!»

«ድረስ እልሃለሁ! ልቧ በመዳፌ ውስጥ እየደከመች ነው!»

በደረቴ ተሳብኩ። እሱም ሽቅብ ጀመረ፤ ግን ገደል ነው፣ ወፏንም ይዟል። አየሁት፤ እንደማይደርስ አወቅሁ። ዐሥራ አንድ ቀን፣ ያች በጥጥ የምትንጠባጠብ አጥሚት፣ «እሺ፣ ነገ» የሚሉት ድምፅ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

«እረዳት!» ብዬ ጮህኩ።

ቆመ። «ምን አልክ?»

«እረዳት አልኩህ!»

«አንተ ሰው፣ እኔ ካረድኳት እኮ ለሳቸው አትሆንም!»

«እኔ አውቃለሁ! እረዳት!»

ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም መለሰ። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ሲል ድምፁ በገደሉ ውስጥ ወጣ፤ ከጋሼ አፍ ሺህ ጊዜ የሰማሁት ቃል ነው። ከዚያ ቢላዋውን አየሁ። አጠገቤ ሲደርስ ወፏን ሣር ላይ አስቀመጠልኝ፤ በእጄ አልሰጠኝም። «ፈንታ፣ ንገራቸው» አለኝ። «ከወደዱ ይብሉ፤ ካልወደዱ ይተዉት። ለሚሄድ ሰው አይዋሽም።» «እሺ አያ ይርጋ» አልኩ። ዱላ ቆርጦ ሰጠኝ፤ እያነከስኩ ሄድኩ። ከጅረቱ ዳር ቁጭ ብሎ ደሙን ሲታጠብ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት አየችው፤ እኔ ያኔ ልብ አላልኩም።

ባለቤታቸው ቀቀለችው። ጋሼ ሽታውን ሲያገኙ ራሳቸው ተነስተው ተቀመጡ፤ በሁለት ሳምንት ያላየሁት ነገር ነው። ሊጎርሱ ሲሉ ቀና አሉና «ባርከሃታል?» አሉኝ። በዚያች ቅጽበት አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ምስክሬ እግዜር ነው፣ ልነግራቸው ነበር። ግን ያ ወዝ ያጣ ፊታቸው፣ ምራቃቸውን ሲውጡ የጉሮሯቸው አጥንት... «አዎ፣ ጋሼ» አልኩ። ደረቷን በሉ፤ መረቁን ጠጡ፤ አጥንቷን ጠቡ። ግንባራቸው አላበው። «እጅህ ይባረክ» ብለው ሳሙኝ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በአራተኛው ቀን ዐረፉ።

በነዚያ አራት ቀኖች ወደ አያ ይርጋ አልወረድኩም። እግሬን አሞኝ ነበር እላለሁ ለራሴ። ውሸት ነው፤ «ነገርካቸው?» እንዳይለኝ ነው። ወናፉ ከታች ሲነፋ እሰማዋለሁ፤ እየጠበቀኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ቀብሩ ላይ ሬሳው ገና መቃብር ሳይወርድ ያች ውሃ ቀጂ ሴት ደረቷን መታች። «መሪጌታን ያ ቀጥቃጭ በልቷቸው ነው! በዓይኔ አየሁት፤ ደም ሲታጠብ! ቆቋ ላይ ዓይኑን ጥሎባት!» አለች። ባለ እጅ ሁሉ ቡዳ ነው የሚባልበት አገር ነው፤ ማረሻህን በሠራልህ ሰው ላይ ሳታፍር የምታወራው ክፉ ወሬ። ሕዝቡ እንደ ንብ ተነሳ። የደብሩ ገበዝ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘና ወደ እኔ ዞረ፤ «ወንድማቸው ነህ፣ ከቀጥቃጩም ጋር ታድን ነበር። ምን ትላለህ?»

እንዲህ ልል እችል ነበር፦ «ይህ ሰው ዐሥራ አንድ ማለዳ ለወንድሜ ብርድ ላይ ተኝቷል። ቆቋን ያረደው እኔ እረድ ስላልኩት ነው።» እንዲህ ብል ደግሞ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። መሪጌታ ከቁርባን በኋላ የሱ እጅ ያረደውን ሥጋ በሉ ይባላል፤ ፍትሐቱ ይቆማል፤ ካህናቱ መጽሐፋቸውን አጥፈው ይሄዳሉ። ለጋሼ ስል ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ! ደግሞ ውሸት። ያን ሁሉ ዓይን ፈርቼ ነው። ሰው ሁሉ አፌን ሲያይ «እግዜር ያውቃል» አልኩ። ሁለት ቃል። እነሱም የፈለጉትን ሰሙበት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የኛ ሰዎች፤ እኔ ግን የነቀዘ ዝምታ ስበላ ኖሬአለሁ።

በሳምንቱ ጎንደር ተመለስኩ። አንድ የወገራ ደንበኛዬ ለሱሪው ሲለካ ነገረኝ፦ ለአያ ይርጋ ማረሻ የሚሰጠው ሰው ጠፋ፤ ንጋት ላይ ጎጆውን ለኮሱበት፤ ልጆቹ በጤና ወጡ፣ ወናፉ ግን ተቃጠለ፤ ባንድ አህያ ጭኖ ሄደ። «ቢከራከር ይቆይ ነበር፤ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቃል ሳይመልስ ነው የወጣው» አለኝ። እውነቱ ቢወጣ የመሪጌታን ፍትሐት የሚያስቆም ነገር መሆኑን አያ ይርጋም ያውቅ ነበር፤ ለዚያ ነው አፉን የያዘው። «ወገቡን ጠበቅ ላድርግልህ?» አልኩት ደንበኛዬን፤ ሌላ ምን እላለሁ። ያን ቀን አዝማሪው ሲዘፍን ፔዳሌን ከምቱ ጋር ማስኬድ አቃተኝ፤ ሁለት ጊዜ መርፌ ሰበርኩ።

ስንት ዓመት አለፈ መሰላችሁ፤ አግብቼ ሁለት ወልጄ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ወጥቼ በቀሐ ወንዝ በኩል ስመለስ አንድ ሽበታም ሰው ማጭዶች መሬት ላይ ደርድሮ ተቀምጧል። ከማጭዶቹ አሠራር ነው ያወቅሁት። ልሸሽ አሰብኩ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

«ፈንታ ነህ?» አለኝ። ድምፁ አልተለወጠም።

«ነኝ፣ አያ ይርጋ።»

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት።»

«ሸጋ። ተቀመጥ።» ተቀመጥኩ። ምነው ዝም አልክ እስኪለኝ አንገቴን ሰብሬ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም እንዲለኝ እመኝ ነበር። እሱ ግን አንዱን ማጭድ አንስቶ ስለቱን በጣቱ እየዳበሰ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«ያን ጊዜ ሳትመጣ ቀረህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ በሏት?»

«በሉ። መረቋን ሳይቀር።»

«ጣፈጠቻቸው?»

«አጥንቷን ጠቡ። አላባቸው። ተኙ።»

ጣቱ ስለቱ ላይ ቆመ። «ነግረሃቸው ነው የበሉ?»

ዓይኑ በዓይኔ ላይ ነው። እውነቱን ልናገር ብዬ ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት የተሸከምኩትን ላራግፍ። ግን ጎጆው የተቃጠለበት ሰው ነው፤ እጁ ላይ የያዘው ደግሞ ይህችኑ ጥያቄ ብቻ ነው። «አዎ፣ ነግሬያቸው ነው» አልኩት።

ማጭዱን አስቀመጠ። ሽማግሌው ሰውዬ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መካከል ፊቱን በኩታው ሸፍኖ አለቀሰ። «አውቀው በሉ» አለ። «ከእጄ መሆኑን አውቀው በሉ።» ከዚያ ተነስቶ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘኝ፤ ወንዝም አልወረደም።

ሁለተኛ አላየሁትም። ዘመን ተለዋወጠ፤ የሱ ወገን ሁሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ እሱንም ልጆቹ ይዘውት ሄዱ። እዚያ ደርሶ የተመለሰ አንድ የጎረቤቱ ልጅ እንደነገረኝ፣ ፋሲካቸው በመጣ ቁጥር የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ አንድ ነገር ሳያወራ አያድርም ነበር፦ በወገራ አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ ከማን እጅ መሆኑን እያወቁ በሉልኝ ይላቸዋል። ልጆቹም ዛሬ ለልጆቻቸው ይህንኑ ያወራሉ አለኝ። ማን ሄዶ ሐሰት ነው ይበላቸው?